ከሜዳ ውጣ! የቤዝቦል ዳኞች የማባረር ሥልጣን ታሪክ

ጁን 19 ቀን 1846 በኒው ጀርሲዋ ሆቦከን፣ ኢሊዥያን ፊልድስ በተባለው መስክ ላይ፣ ኒከርቦከር የሚባለው የኒው ዮርክ ክለብ ግጥሚያ ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የክለቡ አባላት የጨዋታውን ሕግ ገና ባለፈው ዓመት በጽሑፍ ያሰፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም በገዛ ሕጋቸው ተጫውተው 23 ለ 1 ተሸነፉ። በዕለቱ መዝገብ ላይ ከውጤቱ ሌላ አንድ ነገር ሰፍሯል፦ አንድ ተጫዋች ተሳድቦ 6 ሳንቲም ተቀጥቷል።

ለዚያ ዘመን ይህ በቂ ነበር። ቤዝቦል ከሥራ በኋላ የሚገናኙ ነጋዴዎችና የቢሮ ሠራተኞች መዝናኛ ነው። ዳኛው በሁለቱም ወገን የተከበረ ሰው ሆኖ ይመረጣል፤ ደመወዝ የለውም፤ ቃሉን የሚያስከብርለትም የተጫዋቾቹ ይሉኝታ ነው። ያጠፋ ሰው ሳንቲሙን ከፍሎ ጨዋታውን ይቀጥላል። ተጫዋችን ከሜዳ ማባረር በማንም ሐሳብ አልነበረም።

ይሉኝታው ገንዘብ ሲመጣ ሳሳ። በ1869 የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ተጫዋቾቹን በሙሉ በይፋ በደመወዝ የቀጠረ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በ1876 ናሽናል ሊግ ተመሠረተ። ሜዳው ታጠረ፣ ትኬት ተቆረጠ፣ ቁማርተኛ በየወንበሩ ተቀመጠ። በዚህ ሁሉ መሃል ዳኛው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከወርዋሪው የሚመጣውን ኳስ እያየ ሦስቱንም ቤዞች የሚጠብቅ፣ በሺዎች ፊት ብቻውን የቆመ ሰው። በ1882 ደግሞ ዲክ ሂግሃም የተባለ ዳኛ ከቁማርተኛ ጋር ተመሳጥሮ በመገኘቱ ከሊጉ ለዘለዓለም ተባረረ። የዳኞችን ሁሉ ስም ያጎደፈ ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም የተናደደ ተጫዋች «ተገዝተሃል» ብሎ ለመጮህ ሰበብ አገኘ።

የጭቅጭቁን መጠን ለመረዳት የጨዋታውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ወርዋሪው ኳሱን ይለቃል፣ መቺው በዱላው ሊያገኘው ይሞክራል። መቺው ሳይሞክር የተወውን ኳስ ዳኛው አይቶ በሚመታ ክልል ካለፈ «ስትራይክ»፣ ካላለፈ «ቦል» ይላል። ሦስት ስትራይክ መቺውን አውት ያደርገዋል፣ ማለትም ተራውን ያሳጣዋል፤ አራት ቦል በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ያሳልፈዋል። በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች 300 ገደማ ኳስ ይወረውራሉ። ዳኛው ቀኑን ሙሉ ሲፈርድ ይውላል፤ ከእያንዳንዱ ፍርድ ጀርባም የሚከፋው ሰው አለ።

ሊጉ መጀመሪያ የሞከረው የገንዘብ ቅጣት ነበር። አልሠራም፤ ክለቦቹ የተጫዋቾቻቸውን ቅጣት ራሳቸው ይከፍሉ ነበርና። ስለዚህ በ1880ዎቹ መጨረሻ ዳኛው ተጫዋችን ከሜዳ የማስወጣት ሥልጣን በሕግ ተሰጠው። ጊዜው በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት ተጫዋች መቀየር የሚቻለው ሲጎዳ ወይም ተጋጣሚው ሲፈቅድ ብቻ ስለነበር አንድ ሰው ማባረር ጨዋታውን ማፍረስ ነበር፤ የቅያሪው ሕግ በእነዚያው ዓመታት ሲላላ ማባረርም ተቻለ። እስከ ዛሬ ድረስ በቤዝቦል የተባረረ ሰው በሌላ ይተካል፤ እንደ እግር ኳሱ ቀይ ካርድ ቡድኑ በጎደሎ አይጫወትም። የሚያጣው ግን ምርጡን ሰው ሊሆን ይችላል፤ የወጣም በዚያ ጨዋታ አይመለስም። ክለቡ ከካዝናው አውጥቶ ሊከፍለው የማይችለው ቅጣት ተገኘ።

ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ነበር እንጂ ዳኛው ከኋላው የቆመ ማንም አልነበረውም። በ1890ዎቹ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ይህን በሚገባ አሳዩ። ኔድ ሃንሎን የሚያሠለጥነው ይህ ቡድን ኃይለኛ፣ ብልህና ነውረኛ ነበር። ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው ጆን መግሮው ብቸኛው ዳኛ ፊቱን ሲያዞር ሊሮጥ የተዘጋጀውን ተጋጣሚ በቀበቶው ይዞ ያስቀረዋል። ዳኛ ይሰደባል፣ ይገፈተራል፣ እግሩ በሹል ጫማ ይረገጣል። ያባረረ ዳኛ ከተመልካች የሚወረወርበትን ጠርሙስ መሸሽ ነበረበት። ብዙዎች ሥራውን ጥለው ሄዱ። በ1898 ጆን ብረሽ የተባለ የክለብ ባለቤት ጸያፍ ቃል የሚናገሩ ተጫዋቾችን እስከ ዕድሜ ልክ የሚያግድ ዕቅድ አወጣ። ቅጣቱ ከመክበዱ የተነሣ ማንም ሊጠቀምበት አልደፈረም፤ ስድቡ እንደነበረ ቀጠለ።

ነገሩን የቀየረው ባን ጆንሰን ነው። የቀድሞው ጋዜጠኛ ጆንሰን በ1901 አሜሪካን ሊግን ሁለተኛው ታላቅ ሊግ አድርጎ ሲያቆም አንድ ነገር ይዞ ተነሣ፤ በእርሱ ሊግ ዳኛ የሚነካ ሰው ማን ይሁን ማን ይታገዳል። ይህን የፈተነው ያው መግሮው ነበር። በአዲሱ ሊግ የባልቲሞር አሠልጣኝ ሆኖ በዳኞች ላይ ደጋግሞ ሲነሣ ጆንሰን ደጋግሞ አገደው፤ በ1902 አጋማሽ መግሮው ሊጉን ጥሎ ወደ ናሽናል ሊጉ ኒው ዮርክ ጃይንትስ ተሻገረ። ጆንሰን ታዋቂ ሰው አጣ፤ ዳኞቹ ግን ሥልጣናቸው እውነተኛ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው። መግሮው በኒው ዮርክ 30 ዓመት ገደማ ሲያሠለጥን ተጫዋች የነበረበት ጊዜ ተደምሮ ከ130 ጊዜ በላይ ከሜዳ ተባረረ። ይህን ቁጥር የሚያልፍ ሰው እስኪገኝ ከሰባ ዓመት በላይ ፈጀ።

መግሮው በናሽናል ሊግ እኩያው የሚሆን ዳኛ ገጠመው። ቢል ክለም በ1905 ሥራ ጀምሮ እስከ 1941 ፈርዷል። አጭር፣ ደረቱን የነፋ፣ በፍርዱ ፍጹም የሚተማመን ሰው ነበር። አሠልጣኝ እየጮኸ ሲመጣ ጥቂት ያዳምጠዋል፤ ከዚያ በጫማው ጫፍ አፈሩ ላይ መስመር ይሥላል፤ ጀርባውን ሰጥቶም ይሄዳል። መስመሩን የተሻገረ ተባረረ። ይህ ከብዙ የሕግ አንቀጽ የተሻለ ዘዴ ነበር። ተከራካሪው እስከ የት መሄድ እንደሚችል በዓይኑ ያያል፤ ተመልካቹም ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የተሻጋሪው ምርጫ ነው። በኋላ ዘመን የመጡ የዳኝነት መምህራን ግን መስመር መሣሉን ከልክለዋል፤ የተናደደን ሰው «እስቲ ተሻገር» ብሎ እንደ መጋበዝ ይቆጠራልና።

ክለም አንድ ደካማ ጎን ነበረው። ዓሣ የመሰለ ፊት አለው ብለው «ካትፊሽ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ይህን ቃል ከተጠባባቂዎች መቀመጫ በሹክሹክታ እንኳ ከሰማ ተናጋሪውን ያባርራል። በዘመኑ ከ200 በላይ ሰው አስወጥቷል፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ የወጡት ጨዋታውን ስለ በደሉ ሳይሆን የአንድን ሰው ቁስል ስለ ነኩ ነው። ዳኛው ሊጠብቀው የሚገባው ፍርዱን ነው ወይስ ራሱን? ክለም ሁለቱን ለይቶ አያውቅም ነበር። ያም ሆኖ በ1953 ከቶም ኮኖሊ ጋር ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ዳኞች ሆነዋል።

ጁን 23 ቀን 1917 በቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ የሆነው ነገር ደግሞ ማባረር አንድን ጨዋታ እንዴት እንደሚለውጥ ያሳያል። የቦስተን ሬድ ሶክስ ወርዋሪ የ22 ዓመቱ ቤብ ሩት ነበር፤ ኋላ በመቺነቱ አገር የሚያውቀው ያው ሩት። ከዋሽንግተን የመጣው የመጀመሪያው መቺ ሬይ ሞርጋን ነው። ዳኛው ብሪክ ኦውንስ አራት ጊዜ «ቦል» አለና ሞርጋን በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ አለፈ። ሩት በየኳሱ ሲያጉረመርም ቆይቶ አሁን ጮኸ። ኦውንስ አባረረው። ሩት ሮጦ መጥቶ ዳኛውን በቡጢ መታው፤ ኳስ ያዡ ፒንች ቶማስም አብሮ ተባረረ።

ሳይዘጋጅ የተጠራው ኧርኒ ሾር ጥቂት ኳሶች ወርውሮ ሰውነቱን አሟሟቀና ገባ። ሞርጋን ሁለተኛ ቤዝ ሊሰርቅ ሲሮጥ ተያዘ። ከዚያ ሾር የገጠሙትን 26 መቺዎች አንድ በአንድ አውት አደረጋቸው፤ አንድም ሰው ቤዝ አልደረሰበትም። ቦስተን 4 ለ 0 አሸነፈ። ሩት 100 ዶላርና የ10 ጨዋታ እገዳ ተፈረደበት። ዳኛን በቡጢ ለመታ ሰው 10 ጨዋታ በዛሬ ዓይን ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። የኦውንስ ውሳኔ ግን በየትኛውም ዘመን ትክክል ነበር፤ ያባረረው ሩት ስለ ተናደደ አልነበረም፣ ስለ አንድ ኳስ ያነሣውን ቅሬታ ወደ ዳኛው ራሱ ስላዞረው እንጂ።

በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት የሜዳው ዳኛ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሦስት፣ በመጨረሻም ወደ አራት አደገ። ቀበቶ መያዝና እግር መርገጥ እየቀሩ መጡ። ሕጉም ተብራርቶ ተጻፈ፦ ማንኛውም ዳኛ በፍርዱ ላይ የሚያምፅን፣ ጨዋነት የጎደለው ድርጊት የሚፈጽምን ወይም ቃል የሚናገርን ተጫዋች፣ አሠልጣኝ ወይም ተጠባባቂ ማባረር ይችላል። «ቃል» የሚለው ግን የማን ጆሮ የሰማው ነው? በ1947 ይህ ጥያቄ አፍጥጦ መጣ።

ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጥቁር ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ጥቁሮችን ከሜጀር ሊግ፣ ማለትም ከሁለቱ ታላላቅ ሊጎች፣ ያገደውን የቀለም አጥር ሰበረ። የክለቡ ኃላፊ ብራንች ሪኪ አስቀድሞ ቃል አስገብቶት ነበር፤ ምንም ቢሉት፣ ምንም ቢያደርጉት መልስ አይሰጥም። ከሳምንት በኋላ የፊላዴልፊያ ፊሊስ ወደ ብሩክሊን መጡ። አሠልጣኛቸው ቤን ቻፕማን ከነተጫዋቾቹ ከመቀመጫቸው ሆነው በሮቢንሰን ላይ ያወረዱት የዘር ስድብ ተመልካቾችን ሳይቀር ያሳፈረ ነበር። ዳኞቹ በቦታው ነበሩ፤ ጆሮ ነበራቸው፤ ሕጉም በእጃቸው ነበር። ቻፕማንን ግን ከሜዳ አላስወጡትም። «ካትፊሽ» የሚል ቃል ሰው የሚያስባርርበት ጨዋታ ውስጥ ያ ሁሉ ስድብ ሳይቀጣ አለፈ። ሥልጣኑ የተሠራው የዳኛውን ክብር እንዲጠብቅ ነበርና ስድቡ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ እጁን አጣጥፎ ቆመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳኞች በማባረራቸው ከተወቀሱባቸው ቀኖች ሁሉ ይልቅ ባለማባረራቸው የሚወቀሱበት ይህ ቀን ይከብዳል።

ሮቢንሰን ያን ዓመት በዝምታ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 24 ቀን 1948 በፒትስበርግ ሲጫወቱ እርሱና ጓደኞቹ ከመቀመጫቸው ሆነው በዳኛው ቡች ሄንላይን ላይ ጮኹ። ሄንላይን ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ጩኸቱ አላቆመም፤ ሮቢንሰንን አባረረው። በሜጀር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ መባረሩ ነበር። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ሮቢንሰን ግን ደስ እንዳለው ኋላ ተናግሯል። ዳኛው ለቀለሙ አልራራለትም፣ በቀለሙም አላሳደደውም፤ እንደ ማንኛውም ጯሂ ቆጥሮ አስወጣው። ከ1949 ጀምሮ ሪኪ ከቃሉ ሲፈታው ከሊጉ ዋነኛ ተከራካሪዎች አንዱ ሆነ።

በሴፕቴምበር 27 ቀን 1951 ዶጀርስ በቦስተን ሲጫወቱ ዳኛው ፍራንክ ዳስኮሊ በአንድ ፍርድ የተነሣ በተቆጣው የዶጀርስ መቀመጫ ላይ እጁን አነሣና ተጠባባቂዎቹን በሙሉ አስወጣ። ከወጡት አንዱ ቢል ሻርማን የሚባል ወጣት ነበር። በሜጀር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ቤዝቦልን ተወና በቦስተን ሴልቲክስ ታላቅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆነ። ያልጮኸውን ከጮኸው ሳይለዩ ሁሉንም ማስወጣት ጸጥታ ያመጣል፤ ፍትሕ ነው ለማለት ግን ያዳግታል።

ከዚያ ኧርል ዊቨር መጣ። ከ1968 ጀምሮ ባልቲሞር ኦሪዮልስን ያሠለጠነው ይህ አጭርና ቁጡ ሰው ከ90 ጊዜ በላይ ተባርሯል። ቆቡን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ለቄንጥ አይደለም፣ ወደ ዳኛው አፍንጫ ሲጠጋ የቆቡ ጫፍ እንዳይነካውና በመንካት እንዳይከሰስ ነው። በ1969 ወርልድ ሲሪስ አራተኛ ጨዋታ ላይ ዳኛው ሻግ ክሮፎርድ ሲያባርረው በፍጻሜው ግጥሚያ የተባረረ አሠልጣኝ ከ1935 ወዲህ አልታየም ነበር። ኦገስት 15 ቀን 1975 ዳኛው ሮን ሉቻኖ በአንድ ቀን ከሚደረጉ ሁለት ጨዋታዎች ከመጀመሪያው አስወጣው፤ ሁለተኛው ሳይጀመር፣ የተሰላፊዎች ዝርዝር ሲለዋወጡ፣ ደግሞ አባረረው።

የሴፕቴምበር 17 ቀን 1980ው ግን ከሁሉ የሚታወሰው ነው። ለቴሌቪዥን ዝግጅት ሲባል ዳኛው ቢል ሃለር ልብሱ ውስጥ ማይክሮፎን አድርጎ ነበር። በመጀመሪያው ዙር በባልቲሞሩ ወርዋሪ ማይክ ፍላናገን ላይ የአወራወር ጥፋት ሲፈርድ ዊቨር ወጣ። ሃለር ወዲያው አባረረው፤ ዊቨር ግን አልሄደም። ሁለት አዋቂዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ውሸታም እየተባባሉ፣ ማን ማንን በጣቱ ነካ እያሉ፣ ስለ ዝና አዳራሽና ስለ ድሮ ቂም ሳይቀር ተሰዳደቡ። ቅጂው እስከ ዛሬ ይሰማል፤ የዳኝነት ተማሪም ሊሰማው ይገባል። ሃለር ዊቨርን ማባረሩ ትክክል ነበር። ካባረረው በኋላ ግን ዝም ማለት ነበረበት፤ የመጨረሻው ቃል «ውጣ» ሆኖ ካልቀረ ማባረሩ ጭቅጭቁን ማርዘሚያ ይሆናልና።

የዊቨር ንዴት ሁሉ ግን ንዴት ብቻ አልነበረም። ኮከብ መቺ ከዳኛ ጋር ሲጣላ አሠልጣኙ ሮጦ በመሃል ይገባል፣ ቁጣውን በራሱ ላይ ይስባል፣ ራሱ ተባርሮ መቺውን ሜዳ ላይ ያስቀራል። አሠልጣኝ ቢወጣ ረዳቱ ቡድኑን ይመራል፤ መቺው ቢወጣ ግን ጨዋታው ሊበላሽ ይችላል። ልምድ ያላቸው ዳኞች ይህን ያውቃሉ፤ አሠልጣኙ ተጫዋቹን እስኪገፋ ድረስም ጥቂት ሰከንድ ይታገሡታል።

1983 ሌላ መልክ ያለው ነገር አመጣ። ጁላይ 24 ቀን በያንኪ ስታዲየም የካንሳስ ሲቲው ጆርጅ ብሬት በዘጠነኛው ዙር ኳሱን ከአጥር ውጪ አሳልፎ ሆም ራን መትቶ ቡድኑን ወደ መሪነት አሻገረ። የያንኪስ አሠልጣኝ ቢሊ ማርቲን ወጥቶ በብሬት ዱላ ላይ ለመጨበጫ የሚቀባው ሙጫ ከተፈቀደው 18 ኢንች አልፏል ብሎ አመለከተ። ዳኛው ቲም መክሌላንድ ዱላውን ለካ፤ ብሬትን አውት አለው፤ ጨዋታው አለቀ። ብሬት ዓይኑ ፈጦ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ከመቀመጫው ወደ ዳኛው ሲሮጥ የሚያሳየው ምስል በቤዝቦል ታሪክ በብዛት ከታዩት አንዱ ነው። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሊ መክፌይል ግን የካንሳስ ሲቲን አቤቱታ ተቀብሎ ሆም ራኑን አጸደቀ፤ ጨዋታው ኦገስት 18 ቀን ካቆመበት እንዲቀጥል አዘዘ። ብሬትን ግን አልማረውም። በፍርዱ ትክክል የነበረው ብሬት፣ ዳኛው ላይ በመሮጡ ከአሠልጣኙ ዲክ ሃውዘር ጋር ከዚያ ጨዋታ እንደ ተባረረ ተቆጠረ። ካንሳስ ሲቲ ያለ ብሬት 5 ለ 4 አሸነፈ። ከዚህ ውሳኔ የበለጠ የሕጉን መንፈስ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል፦ ዳኛው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን እርሱ ላይ መሮጥ አይፈቀድም።

በዓመቱ ኦገስት 12 ቀን 1984 በአትላንታ የተፈጠረው ደግሞ ዘግይቶ የማባረርን ዋጋ አሳየ። የአትላንታው ወርዋሪ ፓስኳል ፔሬዝ በመጀመሪያው ኳስ የሳን ዲዬጎውን መቺ አለን ዊጊንስን መታው። ሳን ዲዬጎዎች ፔሬዝ ለመምታት በቆመ ቁጥር ሊመቱት ወረወሩ፤ አንዱ ሲባረር ሌላው ወርዋሪ ቀጠለ፤ በመጨረሻ አገኙት። ሁለት ትልቅ ድብድብ ተነሣ፣ ተመልካችም ገባበት፣ ሁለቱም አሠልጣኞች ዲክ ዊልያምስና ጆ ቶሬ ተባረሩ፣ ከ12 በላይ ሰው ከሜዳ ወጣ። ዛሬ ሕጉ ለዳኛው ሰፊ በር ይከፍታል፦ ሆን ተብሎ ሰው ላይ ተወርውሯል ብሎ ካመነ ወርዋሪውን ከነአሠልጣኙ ወዲያው ያባርራል፣ ወይም ሁለቱንም ቡድኖች ያስጠነቅቃል፤ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚወረውር ይወጣል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ራስ ላይ ሲመጣ ትዕግሥት በጎነት አይደለም።

ኮከብነትና የጨዋታው ክብደት ዳኛውን ሊያስቆሙት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በኦክቶበር 10 ቀን 1990 ተነሣ። በጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ቦስተን በኦክላንድ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ አራተኛውን ለመትረፍ ሲጫወት፣ የዘመኑ ታላቅ ወርዋሪ ሮጀር ክሌመንስ በሁለተኛው ዙር በዳኛው ቴሪ ኩኒ ላይ አጉረመረመ። ኩኒ ጸያፍ ቃል ሰማሁ ብሎ አባረረው። ኦክላንድ አሸንፎ አለፈ፤ ክሌመንስ 10 ሺህ ዶላርና የ5 ጨዋታ እገዳ ተጣለበት። ብዙዎች ኩኒ ጭንብሉን አውልቆ፣ ጠጋ ብሎ «በቃህ» ማለት ነበረበት ብለው ተከራከሩ። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ውድድሩ ገና በሆነበት በኤፕሪልም፣ የጥሎ ማለፉ ወር በሆነው በኦክቶበርም የሚገባ ነገር ነው። በኤፕሪል የሚያስባርር ስድብ በኦክቶበር የሚታለፍ ከሆነ ግን ሕጉ የሚሠራው ክብደት ለሌላቸው ጨዋታዎች ብቻ ሊሆን ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1996 በቶሮንቶ የባልቲሞሩ ሮቤርቶ አሎማር በስትራይክ አውት ሲባል ተከራከረ፤ ከመቀመጫው ሆኖ መናገሩን ሲቀጥል ዳኛው ጆን ሂርሽቤክ አባረረው። አሎማር ተመልሶ መጥቶ ፊቱ ላይ ተፋበት። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ዳኛው መራራ የሆነው ልጁ ከሞተ ወዲህ ነው አለ። ሂርሽቤክ ልጁን በማይድን የዘር በሽታ አጥቶ ነበር። ሊጉ የጣለው እገዳ 5 ጨዋታ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። አሎማር በማግስቱ ተሰልፎ ቡድኑን ወደ ጥሎ ማለፉ ያሳለፈ ሆም ራን መታ። ዳኞቹ አንሠራም ብለው ተነሡ፤ ያስቆማቸው ፍርድ ቤት ነው። የተቆጡት ስለ ምራቁ ብቻ አልነበረም፤ ዳኛ ያባረረውን ሰው የሊጉ ቢሮ በማግስቱ ከመለሰው ማባረሩ ምን ትርጉም አለው? ሁለቱ ሰዎች በ1997 ተጨባበጡ፤ በኋላም ወዳጆች ሆነው ልጁን ለገደለው በሽታ ምርምር ገንዘብ በማሰባሰብ አብረው ሠሩ።

ቀልድ የሚመስል ዘመንም ነበር። ጁን 9 ቀን 1999 የኒው ዮርክ ሜትስ አሠልጣኝ ቦቢ ቫለንታይን ተባርሮ ሰው ሠራሽ ጺምና ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ ቡድኑ መቀመጫ ተመለሰ፤ 5 ሺህ ዶላርና የ2 ጨዋታ እገዳ አስከፈለው። በጁን 2007 ከሜጀር ሊግ በታች በሆነ ሊግ የሚሲሲፒ ብሬቭስ አሠልጣኝ ፊሊፕ ዌልማን በሜዳው ላይ እንደ ወታደር በሆዱ ተሳበ፣ የወርዋሪውን የዱቄት ከረጢት እንደ ቦምብ ወደ ዳኛው ወረወረ። በዚያው ዓመት ኦገስት 14 ቀን የአትላንታው ቦቢ ኮክስ ለተጫዋቹ ቺፐር ጆንስ ሲከራከር በዳኛው ቴድ ባሬት ተባረረና የመግሮውን ክብረ ወሰን አለፈ። ኮክስ በ2010 ሥራውን ሲያቆም በመደበኛው ውድድር ብቻ 158 ጊዜ ተባርሮ ነበር፤ አብዛኛውም ተጫዋቾቹን ከመባረር ለማዳን።

ትርዒቱ ሲደምቅ የዳኝነት ትምህርቱ ጸጥ ወዳለ መንገድ ሄዷል። በታችኛው እርከን፣ በትምህርት ቤትና በሠፈር ሊጎች ዳኞች የሚማሩት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እንዳልሰማህ እለፍ፤ ቀጥሎ መስማትህን አሳውቅ፤ ሦስተኛ አስጠንቅቅ፤ አራተኛ አስወጣ። «መጥፎ ፍርድ ነው» ያለ ሰው ስለ ፍርዱ ተናገረ፤ «አንተ መጥፎ ነህ» ያለ ሰው ወደ ዳኛው ማንነት ተሻገረ። ነውረኛ ቃል፣ ማንነትን መንካት፣ ጨዋታውን ማዘግየት፣ ሰውነትን መንካት፤ በተግባር የሚያስባርሩት እነዚህ ናቸው። ስለ ስትራይክና ቦል ለመከራከር ከመቀመጫው የወጣ አሠልጣኝ ሲነሣ ይነገረዋል፤ ከቀጠለ ይወጣል። በሜጀር ሊግ ዳኛው ማንን ለምን እንዳባረረ በ12 ሰዓት ውስጥ ለሊጉ ያሳውቃል። በሊትል ሊግ የሕፃናት ውድድር የተባረረ ሰው የሚቀጥለውም ጨዋታ ያልፈዋል፤ እዚያ የሚሰማው ጆሮ የልጆች ነውና።

ጁን 2 ቀን 2010 በዲትሮይት ማንም ሳይባረር ከብዙ ማባረር በላይ ያስተማረ ነገር ሆነ። ወርዋሪው አርማንዶ ጋላራጋ 26 መቺዎችን አንድም ሳያሳልፍ አውት አድርጎ ጨዋታው የሚያልቅበትን 27ኛውን ሲጠብቅ፣ የአንደኛ ቤዙ ዳኛ ጂም ጆይስ በግልጽ አውት የነበረውን ሯጭ ደርሷል አለ። ጋላራጋ ፈገግ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰና ቀጣዩን መቺ አውት አደረገ። ጆይስ ምስሉን ሲያይ አለቀሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። በማግስቱ የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ለጆይስ ያስረከበው ጋላራጋ ራሱ ነበር። በ2014 ሊጉ በቪዲዮ የሚታዩ ፍርዶችን አበዛ፤ በቤዝ ላይ ለሚነሣው ጭቅጭቅ መፍትሔ ተገኘ። ቪዲዮው ከፈረደ በኋላ መከራከር ግን ራሱ ያስባርራል።

በጁን 2021 ዳኞች የወርዋሪዎችን እጅና ጓንት ለሚያጣብቅ ነገር መፈተሽ ጀመሩ፤ የተገኘበት ይባረራል፣ 10 ጨዋታም ይታገዳል። በኤፕሪል 2023 ታላቁ ማክስ ሸርዘር በሎስ አንጀለስ በዳኛው ፊል ከዚ ተባረረ፤ ላብና የተፈቀደው ዱቄት ብቻ ነው ብሎ ቢምልም አልተረፈም። በኤፕሪል 22 ቀን 2024 ደግሞ ዳኛው ሀንተር ዌንደልስቴት የያንኪስን አሠልጣኝ አሮን ቡንን በመጀመሪያው ዙር አባረረ። ቀድሞ አስጠንቅቆት ነበር። ጩኸቱ ግን የቴሌቪዥን ምስሉ እንዳሳየው ከመቀመጫው በላይ ከተቀመጠ ተመልካች የመጣ ነው፤ ቡን «እኔ አይደለሁም» እያለ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም። ማስጠንቀቁ ትክክል፣ ማባረሩ ስሕተት ነበር፤ ዳኛ አንድ ሰው ከማባረሩ በፊት ማን እንደተናገረ ማወቅ አለበት።

በቅርብ ዓመታት በሜጀር ሊግ ከሚባረሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚወጡት በስትራይክና በቦል ክርክር ነው። በሴፕቴምበር 2025 ሊጉ ከ2026 ጀምሮ የሚሠራ አዲስ ሥርዓት አጸደቀ። ዳኛው እንደ ወትሮው ይፈርዳል፤ እያንዳንዱ ቡድን ግን ሁለት ጊዜ ፍርዱን በካሜራ መሣሪያ ማስመርመር ይችላል፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም። የሚጠይቁት መቺው፣ ወርዋሪውና ኳስ ያዡ ብቻ ናቸው፤ ቆባቸውን ወይም የራስ መከላከያቸውን መታ ያደርጋሉ፣ ያለ ማንም ምክር፣ ወዲያውኑ። አሠልጣኙ ይህ መብት አልተሰጠውም። በአንድ ስትራይክ ተናዶ ከመቀመጫው ቢወጣ የሚገጥመው ያው የድሮው ሕግ ነው።